የቤተ መጻሕፍት የምርምር ክህሎት ሥልጠና፦ ሁለት ቀን በአዳራሽ ወይስ አንድ ሰዓት ከባለሙያ ጋር?

መደርደሪያ (ክሩን የከፈተ)

ለተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሪፈረንስና በኢ-ሪሶርስ ክፍል እሠራለሁ። ለመምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በየዓመቱ የምንሰጠውን የምርምር ክህሎት ሥልጠና አሻሽለን እንድናቀርብ ስለታዘዝን፣ ረቂቁን ከማስገባቴ በፊት የእናንተን ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ።

እስካሁን ያለው አሠራር ለአብዛኞቻችሁ እንግዳ አይሆንም። በዓመቱ መጀመሪያ ሰው አዳራሽ ይሰበሰባል፤ በመጀመሪያው ቀን ስለ ዳታቤዞች፣ በማግሥቱ ስለ ሪፈረንስ ማደራጃ ሶፍትዌርና ስለ ጽሑፍ ስርቆት ገለጻ ይደረጋል፤ ሰርተፍኬት ታድሎና ፎቶ ተነሥቶ ይበተናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሠልጣኝ ወደ ቢሯችን መጥቶ «ሂናሪ (የጤና ምርምር መጽሔቶች የሚነበቡበት ፖርታል) የሚከፈተው እንዴት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን በሰው ስንፍና ማሳበብ ትክክል አይመስለኝም። ሥልጠናው የሚሰጠው ጥያቄው ሳይኖር ነውና፣ ገና ርእስ ላልመረጠ ሰው ስለ ፍለጋ ስልት የሚነገረው ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

ሐሳቤ የአዳራሹን ሥልጠና ወደ ግማሽ ቀን አሳጥሮ፣ የተረፈውን ጊዜ ተመራማሪው የራሱን ርእስ ይዞ በቀጠሮ ለሚመጣበት የአንድ ሰዓት ሥራ ማዋል ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላስረዳ። በቅርቡ ስለ ጫትና ስለ እንቅልፍ ችግር የሚያጠና አንድ መምህር ወደ እኛ መጥቶ ነበር። ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች ዳታቤዝ ላይ የፈለገው እኛ በተለምዶ በላቲን ፊደል በምንጽፍበት በሲ ኤች በሚጀምረው አጻጻፍ ስለነበር፣ የመጣለት ስለ ኢንተርኔት ጭውውት የተጻፈ ክምር ነው። ዓለም አቀፍ መጽሔቶች ይህንኑ ቃል ብዙ ጊዜ በኬ ኤች ይጽፉታል፤ የየመንን ጉዳይ የሚያጠኑ በኪው የሚጽፉ አሉ፤ በኬንያ ደግሞ «ሚራ» ይባላል። ፐብሜድ ጽሑፎችን በሚመድብበት «ሜሽ» በተባለው የሕክምና ርእሶች ዝርዝር ውስጥ ግን ተክሉ የተመዘገበው በሳይንሳዊ ስሙ «ካታ» ተብሎ ነው። አጻጻፎቹን ሁሉ በ«ኦር» (ወይም) አያይዘን፣ የሜሹን ርእስ ጨምረን፣ ስለ እንቅልፍ ከሚናገሩት ቃላት ጋር በ«ኤንድ» (እና) ስናገናኛቸው መምህሩ ከዚህ በፊት አይቷቸው የማያውቃቸው ጥናቶች ወጡለት። ፍለጋውን በስሙ በተከፈተ አካውንት አስቀምጠን አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር በኢሜይል እንዲደርሰው አደረግን። ይህን ሰው ሁለተኛ ማሠልጠን አያስፈልግም።

የምጠይቃችሁ፣ እንዲህ ያለው ቀጠሮ ከፕሮፖዛል ዲፌንስ (የጥናት ዕቅድን በገምጋሚዎች ፊት ከማቅረብ) በፊት ግዴታ ይሁን ወይስ በፈቃድ ይቅር? ደግሞስ በሥልጠናው ውስጥ በፍጹም መቅረት የሌለበት ምንድን ነው ትላላችሁ?

---

የኅብረተሰብ ጤና መምህር

ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ በተለይ በእኛ ዘርፍ ነገሩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ዛሬ ሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን በሥርዐት ፈልጎ የሚያጠቃልል ጽሑፍ) የማይጽፍ የጤና መምህር ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከምናያቸው ረቂቆች ብዙዎቹ የሚወድቁት በስታቲስቲኩ ሳይሆን በፍለጋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታደሰው ፕሪዝማ የተባለው የሪቪው ዘገባ መመሪያ 27 ነጥቦች አሉት፤ ከእነዚህም አንዱ ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ የተጠቀምንበትን ሙሉ የፍለጋ ስልት እንድናቀርብ ይጠይቃል። በ2021 ደግሞ ፍለጋን ብቻ የሚመለከት 16 ነጥብ ያለው ማሟያ ወጥቷል። ገምጋሚ «ፍለጋችሁን ደግሜ ብሠራው ያንኑ ውጤት አገኛለሁን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ብዙዎቻችን የምንመልሰው የለንም፤ ቃላቱን በቃላችን ጽፈን፣ ያገኘነውን አውርደን፣ ቀኑን እንኳ ሳንመዘግብ ነው የምናልፈው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በተባባሪ ደራሲነት የገባባቸው የሕክምና ሪቪዎች የፍለጋ ዘገባቸው የተሻለ ጥራት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አሳይቷል። እኛ ግን ባለሙያውን በምስጋና ገጽ ላይ እንኳ ስሙን አናነሣውም።

ስለ ሂናሪ አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ከጀመረው ጊዜ አንሥቶ ለእንደኛ ያለ አገር ተቋም በነጻ የተከፈተ በር ሆኖ ሳለ፣ ተማሪው በጎግል ገብቶ የአሳታሚው ገጽ ላይ «40 ዶላር ክፈል» ሲባል ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። በፖርታሉ በኩል ቢገባ ኖሮ ብዙውን ጊዜ ያው ጽሑፍ ያለ ክፍያ ይከፈትለት ነበር። ይህን ለማስረዳት ሁለት ቀን አያስፈልግም፤ ዐሥር ደቂቃና የሚሠራ የይለፍ ቃል ይበቃል። በማውቀው አንድ ተቋም የይለፍ ቃሉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ስለነበር፣ ያ ሰው ዓመት ፈቃድ ሲወጣ ምርምሩም አብሮት ፈቃድ ይወጣ ነበር።

---

ሦስተኛ ዓመት

የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ ከሌላው ወገን ሆኜ ልናገር ይፈቀድልኝ።

የተካፈልኩባቸው ሥልጠናዎች ላይ ያስተዋልኩት፣ አሠልጣኙ ስላይዱን ከማንበብ ያለፈ ነገር ሲያደርግ አለማየቴን ነው። ጥያቄ ሲነሣ «ይህ ከአማካሪያችሁ ጋር የምትነጋገሩበት ነው» ይባላል፤ አማካሪው ደግሞ «ቤተ መጻሕፍት ሄደህ ጠይቅ» ይላል። በመሀል ቤት የሚንከራተተው ተማሪው ነው። አዳራሹ ገብቶ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ኢንተርኔቱ ስለማይሠራ ዳታቤዙን በስክሪን ፎቶ ብቻ ያያል። በዚህ ላይ ግልጹን እንነጋገር፤ አንዳንዱ የሚመጣው ለአበሉ ነው፤ አበል በሌለበት ጊዜ አዳራሹ ባዶ እንደሚሆን አስተባባሪዎቹም ያውቁታል።

ግዴታ ከሆነ ደግሞ ፊርማ ማሰባሰቢያ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ለፕሮፖዛል ዲፌንስ ከሚጠየቁት ወረቀቶች ላይ አንድ ተጨማሪ ማኅተም ለማስመታት የሚሮጥ ሰው አንድም ነገር ተምሮ አይወጣም።

---

መደርደሪያ

ወንድሜ፣ ስለ ስላይዱ ያሉት እውነት ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን ምክንያቱን አብረን እንመልከት። በብዙ ቦታ የሚያሠለጥነው ባለሙያ ራሱ ምርምር እንዲሠራ የሚያስችለው ጊዜም ሆነ የሥራ መደብ የለውም፤ አስተዳደር ሠራተኛ ተብሎ ስለሚመደብ ከአካዳሚክ ስብሰባ ውጭ ነው። አንድ ጊዜም ጽሑፍ ልኮ ከገምጋሚ አስተያየት ያልተቀበለ ሰው፣ ገምጋሚ ስለሚጠይቀው ነገር በልበ ሙሉነት ሊያስተምር አይችልም። ስለዚህ በረቂቁ ውስጥ ባለሙያው ከተመራማሪዎች ጋር በሪቪው ሥራ እንዲሳተፍና ስሙ በደራሲነት እንዲገባ የሚጠይቅ አንቀጽ አስገብቻለሁ።

ስለ አበሉ፦ በቀጠሮ የሚደረገው የአንድ ሰዓት ሥራ አበል የለውም። ማን እንደሚመጣ በዚያ እናያለን።

---

የታሪክ ክፍል ሰው

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለጤናና ለተፈጥሮ ሳይንስ ሰዎች ነው፤ እኛ የሰብአዊ ጥናት ሰዎች እንደተለመደው ከአዳራሹ ኋላ ነን። ለእኛ የሚያስፈልገው ሥልጠና ሌላ ነው፤ ከውጭ አገር በተቀዳ ስላይድም ሊሰጥ አይችልም።

በመጀመሪያ የፊደሉን ጉዳይ ውሰዱ። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ርእስ በካታሎግ ውስጥ የሚፈልግ ተማሪ፣ መዝጋቢው በንጉሡ ሠ ይጻፈው ወይስ በእሳቱ ሰ፣ በጸሎቱ ጸ ይሁን ወይስ በፀሐዩ ፀ፣ ከሦስቱ የሀ ዓይነቶችስ የትኛውን እንደመረጠ ሊያውቅ አይችልም፤ ሲደመር ለአንድ ስም 12 አጻጻፍ ማለት ነው። የኮምፒዩተር ካታሎጋችን እነዚህን እንደ አንድ እንዲቆጥር ካልተዘጋጀ በቀር፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ «አልተገኘም» ይላል። ተማሪውም «በርእሱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ የጥናቱን ክፍተት በዚህ ላይ ይመሠርታል። በላቲን ፊደል የተመዘገበ ከሆነማ መከራው ይብሳል፤ አንዱ ካታሎግ ነጥብና ሰረዝ ያለበትን የምሁራን አጻጻፍ ይጠቀማል፣ ሌላው እንደ ልቡ ይጽፋል። በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ያለን የአማርኛ መጽሐፍ ለማግኘት ያንን የአጻጻፍ ሥርዐት ማወቅ ግድ ነው፤ ይህን ያስተማረን ግን የለም።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠር አለ። በሽፋኑ ላይ 1965 ዓ.ም. የተጻፈበት መጽሐፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ወይም በ1973 የታተመ ነው፤ ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም መጻፍ ይገባል። ተማሪዎቻችን ግን 1965 ብለው በእንግሊዝኛው ቴሲስ ውስጥ ያስገቡታል፤ አብዮቱ ሊፈነዳ ሲል የታተመው መጽሐፍ በንጉሡ ዘመን መካከል የተጻፈ ይመስላል። አንድ ክርክር በሙሉ በዚህ ሲበላሽ አይቻለሁ።

ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አበበ ከበደ የተባለ ጸሐፊ አበበ ነው፣ ከበደ አባቱ ነው። ሶፍትዌሩ ግን ሁለተኛውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ «ከበደ፣ አ.» ብሎ አባትየውን ጸሐፊ ያደርገዋል። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የሚሠሩ ምሁራን ኢትዮጵያዊን በራሱ ስም ጀምረው መዘርዘርን ልማድ አድርገውት ሳለ፣ በየዩኒቨርሲቲያችን የሚወጣው የቴሲስ መመሪያ ተቃራኒውን ሲያዝ ማየት ያሳፍራል። ሰው በአገሩ ዩኒቨርሲቲ በአባቱ ስም ሲጠቀስ!

ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ከተመሠረተበት ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያከማቸውን የብራናና የኅትመት ሀብት ለመጠቀም የሚመጣ ወጣት ተመራማሪ፣ ከሂናሪ ይልቅ እነዚህን ሦስቱን ቢያውቅ ይሻለዋል።

---

ዞቴሮ ተጠቃሚ

ለታሪክ ክፍሉ መምህር፦ ስለ ስሙ ችግር መፍትሔ አለ። ዞቴሮ በተባለው የሪፈረንስ ማደራጃ ሶፍትዌር ውስጥ ከጸሐፊው ስም ቀጥሎ ያለችውን ትንሽ ምልክት ሲጫኑ፣ ለሁለት የተከፈለው ሣጥን አንድ ይሆናል፤ በዚያ «አበበ ከበደ» ብለው ሙሉውን ቢጽፉ ሶፍትዌሩ አይገለብጠውም፣ ሆሄ ተራውንም በ«አ» ይይዛል። ከድረ ገጽ በራሱ የሚገባው ሪፈረንስ ግን ተገልብጦ ስለሚመጣ፣ እያንዳንዱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ዞቴሮ ነጻ ነው፤ ከኢንተርኔት ውጭም ይሠራል፤ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

---

ከባሕር ማዶ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ

በአሜሪካ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። እዚህ ለየትምህርት ክፍሉ የተመደበ ባለሙያ መኖሩ የተለመደ ነው፤ መምህሩ ሴሚናር ሲያዘጋጅ ባለሙያውን ይጠራል፣ ተመራማሪውም ቀጠሮ ይዞ ይመጣል። መደርደሪያ ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ ጋር ይስማማል። የአሜሪካ የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣውን የክህሎት ዝርዝር ትቶ በ2016 በሰፊ ጽንሰ ሐሳቦች ላይ የቆመ ማዕቀፍ የተቀበለው፣ ቁልፍ መጫን ማስተማር ብቻውን እንደማያዘልቅ ስለታመነ ነው።

ነገር ግን እዚህም ቢሆን የሚመጣው ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው ነው። ይበልጥ የሚቸገረው ሰው መጠየቅን ስለሚያፍር አይመጣም። ስለዚህ ሦስተኛ ዓመት ግዴታን ቢፈሩም፣ ፈጽሞ በፈቃድ መተው የሚጎዳው ደካማውን ነው።

---

የምርምር ጽሕፈት ቤት

ሥልጠናው ውስጥ በፍጹም መቅረት የሌለበት ተብሎ ለተጠየቀው፦ ስለ መጽሔት መምረጥ።

ለደረጃ ዕድገት የሚቀርቡ ማመልከቻዎችን እናያለን። አንድ መምህር ደመወዙን ቆጥቦ የኅትመት ክፍያ ከፍሎ ሲያበቃ፣ መጽሔቱ ተቀባይነት እንደሌለው በኮሚቴ ፊት ሲነገረው ማየት ከባድ ነው። ብዙዎች የሚተማመኑበት፣ አጠራጣሪ አሳታሚዎችንና መጽሔቶችን የሚዘረዝረው የቢል ዝርዝር እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ከድረ ገጽ ተነሥቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሚዞሩት ቅጂዎች ማን እንደሚያድሳቸው አይታወቅም። ከዝርዝር ይልቅ ማጣራት መማር ይሻላል፦ መጽሔቱ ዶአጅ በተባለው የክፍት ተደራሽነት መጽሔቶች ማውጫ ውስጥ ይገኛል ወይ፣ በኤዲቶሪያል ቦርዱ ላይ የተዘረዘሩት ምሁራን በራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ይህን ይናገራሉ ወይ፣ «ስኮፐስ» በተባለው የጥናት ጽሑፎች ዳታቤዝ አለሁ የሚለው አሁንም አለ ወይስ ተሰርዟል፣ ክፍያው ጽሑፍ ከመላኩ በፊት በግልጽ ተጽፏል ወይ።

ከሁሉ የሚያታልለው የተጠለፈ መጽሔት ነው። አጭበርባሪዎቹ የእውነተኛ መጽሔትን ስምና ባለ 8 አሐዙን የመለያ ቁጥር ወስደው የራሳቸውን ድረ ገጽ ይሠራሉ። ቁጥሩን ስታጣሩት ትክክለኛ ሆኖ ይገኛል፤ ሐሰተኛው ድረ ገጹ ነው። ስለዚህ በኢሜይል በተላከ ሊንክ ገብቶ ጽሑፍ መላክ አይገባም፤ ወደ መጽሔቱ መግባት ያለብን በማውጫው ላይ በተመዘገበው አድራሻ ነው።

---

የኅብረተሰብ ጤና መምህር

በዚህ ላይ አንድ አዲስ ነገር እጨምራለሁ። ቻት ጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ የሌለ ሪፈረንስ የያዙ ረቂቆች እየደረሱን ነው። የጸሐፊው ስም እውነተኛ ነው፣ መጽሔቱም አለ፣ ርእሱ ግን በዓለም ላይ ታትሞ አያውቅም። የማጣሪያው ዘዴ ቀላል ነው፤ በ10 የሚጀምረውን የዲኦአይ (የጽሑፉ መለያ) ቁጥር ወስዶ መክፈት፣ ከሌለውም ርእሱን ዲኦአይ በሚመዘገብበት በክሮስሬፍ መፈለግ። ተማሪው መሣሪያውን ተጠቀመ አልተጠቀመ ብሎ ከመፋጠጥ ይልቅ፣ ከሪፈረንሶቹ መካከል ማናቸውንም ጠቁመን «ይህን ክፈትልኝ» ማለት ይበቃል። ጽሑፉን ያላነበበ ሰው እዚያው ይታወቃል።

---

ሦስተኛ ዓመት

ከባሕር ማዶ የጻፉት ባለሙያ ያነሡት ነጥብ አሳምኖኛል፤ መጠየቅን የሚያፍሩ ብዙ ጓደኞች አሉኝ። ግዴታው መገኘት ላይ ሳይሆን ሥራው ላይ ቢሆንስ? ማለትም ቀጠሮ ያዘም አልያዘም፣ ማንኛውም ተማሪ ከፕሮፖዛሉ ጋር የፍለጋ መዝገቡን፣ የት ዳታቤዝ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ቃላት እንደፈለገና ስንት እንዳገኘ የሚያሳየውን አንድ ገጽ አያይዞ እንዲያቀርብ ይጠየቅ። ያንን ገጽ በራሱ መሥራት የሚችል ይሥራ፤ የማይችል ወደ ቤተ መጻሕፍት ለመሄድ ምክንያት ያገኛል፣ አያፍርም።

---

መደርደሪያ

እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህ ከእኔ ሐሳብ ይሻላል፤ እንዳለ እወስደዋለሁ። የፊርማውን ነገር ትቼ የፍለጋ መዝገቡን በረቂቁ ውስጥ አስገባለሁ፤ ገጹን የሚመዝነው ግን የትምህርት ክፍሉ እንጂ እኛ እንዳንሆን እጠይቃለሁ፤ አለበለዚያ ለእርዳታ የሚመጣው ሰው እንደ ፈታኝ ያየናል።

ለታሪክ ክፍሉ መምህር፦ የሰብአዊ ጥናቱ ክፍለ ጊዜ ለብቻው ይሆናል፤ ነገር ግን የፊደሉንና የዘመን አቆጣጠሩን ክፍል እርስዎ ወይም የሥራ ባልደረባዎ ከእኛ ጋር ሆናችሁ ብትሰጡት ይሻላል፤ እኛ ካታሎጉን እናውቃለን፣ መጽሐፉን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የ12ቱን አጻጻፍ ነገር ለካታሎግ ክፍላችን አቅርቤዋለሁ፤ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ማስተካከያ በሶፍትዌሩ ላይ ሊሠራ እንደሚችል የኮምፒዩተር ባለሙያችን ነግሮኛል፤ እስኪሠራ ድረስ ግን አማራጭ አጻጻፎቹን በመዝገቡ ላይ በእጅ እየጨመርን እንቆያለን።

የከፍተኛ ትምህርት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣ ወዲህ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር በክፍት መዝገብ እንዲቀመጥ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ጽሑፋቸውን በዩኒቨርሲቲው ሪፖዚተሪ (የክፍት ጽሑፎች ማከማቻ) ውስጥ ማስገባትንና ባለ 16 አሐዙን የኦርኪድ (የተመራማሪ መለያ) ቁጥር ማውጣትን በአዳራሹ ግማሽ ቀን ውስጥ እዚያው እናስጨርሳቸዋለን። የኦርኪዱ ቁጥር በስማችን መገለባበጥ ለምንቸገረው ለእኛ ከማንም በላይ ይጠቅመናል፤ ስሙ እንዴትም ቢጻፍ ቁጥሩ አንድ ነው።

---

የታሪክ ክፍል ሰው

እሺ፣ እመጣለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ ይመቸኛል፤ መብራት ቢጠፋም የሚሠራ እንዲሆን ምሳሌዎቹን በወረቀት አሳትሜ አመጣለሁ፤ የካርድ ካታሎጉን መሳቢያዎች ግን አታስወጧቸው፤ የድሮ መዝጋቢዎች የጻፉትን አጻጻፍ ለተማሪዎቹ የማሳየው ከእነርሱ ላይ ነው።

---

መደርደሪያ

መሳቢያዎቹ አሉ፤ ምድር ቤት ወርደዋል እንጂ አልተጣሉም። ቅዳሜ ቁልፉን ይዤ እጠብቅዎታለሁ።